ስምንት የተባለው አራት

«እትዬ ልቁጠረው» የሚለውን ስም ያወጡላት የሆቴሉ ላውንደሪ ሠራተኞች ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከየፎቁ የሚወርደውን አንሶላ የምትረከበው እሷ ነበረች። አውራጁ «መቶ አርባ ነው» ሲላት «ልቁጠረው» ትላለች። «ትናንትም መቶ አርባ ነበር እኮ» ሲላት «የትናንቱን ትናንት ቆጥሬዋለሁ» ትላለች። አንድ ቀን ድግስ ኖሮ ሰው ጠፍቶ ሥራ አስኪያጁ ራሱ የገበታ ጨርቅ ታቅፎ ወረደና «ሠላሳ ነው፤ በእጄ ነው የቆጠርኩት» አላት። «እሺ ጌታዬ፤ እስቲ ልቁጠረው» አለችና ሃያ ዘጠኝ አገኘች። በካውያ የሚተኩሱት ሴቶች አንሶላ አፋቸው ላይ ጭነው በሳቅ ሞቱ። ስሙ በዚያው ጸደቀ።

ሰው ባታምን ግን አይፈረድባትም። እናታቸው ስትሞት ታናሽ ወንድሟ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር። እሷ ከስድስተኛ ክፍል ወጥታ ሥራ ገባች፤ እሱን አሳደገች። ሰፈሩ «ብሎን» ይለው ነበር፤ እጁ የገባ ነገር ሁሉ ተፈቶ ስለሚገኝ። ሬዲዮ ፈታ፣ የግድግዳ ሰዓት ፈታ፣ የጎረቤት የበር ቁልፍ ሳይቀር ፈታ። መግጠሙንም ያውቅበታል፤ ሲጨርስ ግን ሁልጊዜ አንድ ብሎን ይተርፈዋል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው መልሶ የማይገጥመውን ፈታ። ከሥራ ስትመለስ የእናታቸው የስፌት መኪና ጠረጴዛው ብቻ ቆሞ ጠበቃት። ጭንቅላቱ የለም።

«ሌባ ገብቶ ይሆናል» አላት።

ሦስት ቀን ሙሉ ሌባ ገብቶ ነው አለ። በአራተኛው ቀን፣ ሸጦት የኮምፒውተር ጥገና ትምህርት እንደተመዘገበበት ከሌላ ሰው ሰማች።

«ብትጠይቀኝ አልሰጥህም ነበር?»

«እምቢ ብትይኝስ?»

ይህን ካለ አሥራ አንድ ዓመት ሆነው። ትምህርቱን ጨረሰ፣ ከቤት ወጣ፣ እዚህም እዚያም እየጠገነ ኖረ። ሊጠይቃት ሲመጣ እንደ እንግዳ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ወጥቶ ሲሄድ ደግሞ እሷ ሳትፈልገው ዓይኗ ተነሥቶ ቤቱን ይዞራል፤ ቴሌቪዥኑ አለ፣ ካውያው አለ፣ የግድግዳው ሰዓት አለ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ። እሷ ደግሞ ያየችው እባቡን ራሱን ነው፤ ያሳደገችውም እሷ ነች።

ሥራዋን ስትለቅ ሆቴሉ የአዳራሹን ዕቃ እየቀየረ ስለነበር አሮጌ የቪዲዮ ዴክና አሮጌ ኮምፒውተር መርቆ አሰናበታት። የአዳራሹ ቪዲዮ አንሺ ሦስት ከሰዓት በኋላ አጠገቧ ተቀምጦ አስተማራት። አሁን ሰዎች ከቁም ሣጥን አናት ላይ አቧራ የጠጣ ካሴት ያመጡላታል፤ የሠርግ፣ የልደት፣ የምርቃት። ሥራው ሁለት ነው። መጀመሪያ ካሴቱ ዴኩ ላይ ይጫወታል፣ ኮምፒውተሩ ይቀዳዋል። የተቀዳው ግን እንደ ወፍራም ብርድ ልብስ ቦታ የሚፈጅ ስለሆነ ቀጥሎ ይጨመቅና ፍላሽ ውስጥ ይገባል። በመጀመሪያው ሥራ ጊዜ አጠገቡ ቁጭ ትላለች፤ አሮጌ ካሴት ዴኩ ውስጥ መጠላለፍ ይወዳል። ጭመቃውን ሐሙስ ሐሙስ አጠራቅማ ለኮምፒውተሩ ትታለትና ገበያ ትወጣለች። ፕሮግራሙ ሲጨርስ የፈጀበትን ደቂቃ ጽፎ ይጠብቃታል፤ እሷ ደግሞ የቅጂውንም የጭመቃውንም ደቂቃ ደብተሯ ላይ ትገለብጣለች። ማንም ጻፊ አላላትም።

እሑድ ዕለት ብሎን መጣ። እንደልማዱ በሩ አጠገብ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ ሥራ አገኘሁ። ቋሚ።»

«የት?»

«አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ዘንድ። ስልሳ ኮምፒውተር ነው፣ ጠጋኙም ጠባቂውም እኔ ነኝ። ቁልፉ እኔ ጋ ነው የሚሆነው።»

ቁልፉ ሲል ዓይኗ ወደ ግድግዳው ሰዓት ሄደ።

«እሰየው ነዋ። ታዲያ ፊትህ ምነው?»

«ዋስ አምጣ ብለውኛል። ለዕቃው ተጠያቂ የሚሆን ሰው። እስከ ዓርብ እኩለ ቀን ካልፈረመልኝ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጡታል።» ጣቶቹን እያየ ነው የሚያወራው። «ሌላ ሰው የለኝም።»

«ላስብበት» አለችው።

ሰኞ ጠዋት ተመልሶ መጣ፤ አሁን በእጁ ትንሽ የካርቶን ሣጥን ይዟል። ኮምፒውተሯ አርጅቷል፣ አዲስ ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተር አንጎል የሚሉትን፣ ገዝቶላታል፣ ስጦታ ነው። ስክሪኑን ከፍቶ እንደ መስኮት ተደርድረው መስመር የሚዘልባቸውን ሣጥኖች አሳያት።

«ቁጠሪያቸው።»

ቆጠረቻቸው። «አራት።»

«ይሄኛው ስምንት ነው። ባንድ ጊዜ ስምንት ሥራ ይዞ ይሮጥልሻል።»

እሑድ ዋስ ሁኚኝ፣ ሰኞ ስጦታ። እጅ መንሻ ይሉታል ይህን፣ አለች በሆዷ። በአፏ ግን «ተባረክ» አለችው። ሁለት ቤት የምታደርሰው ካሴት ስለነበራት ካቻቢቴውን ይዞ የኮምፒውተሩን ሣጥን ሲፈታ ትታው ወጣች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስትመለስ ሁሉም ተገጥሞ፣ ወለሉ ተጠርጎ ጠበቃት። ስክሪኑ ላይ ያሉት ሣጥኖች ስምንት ሆነዋል። ሁለት ጊዜ ቆጠረቻቸው። ስምንት ናቸው። የተረፈ ብሎንም የለም፤ ያ ራሱ ትንሽ ከነከናት።

እንዲህ ሆኖ ቢቀር ደህና ነበር። ረቡዕ ዕለት ግን የሠርግ ካሴቱን ሊወስድ አንድ የባንክ ሠራተኛ መጣ፤ ከረባቱን ላላ አድርጎ ሁሉን አውቃለሁ የሚል ዓይነት።

«ኮምፒውተር ቀየሩ እንዴ እትዬ? ሲከፈት ፈጠነ።»

«ወንድሜ ነው ውስጡን የቀየረልኝ። አራት የነበረው ስምንት ሆኗል።»

«ስምንት ኮር? በዚህ ሣጥን?» አላስቻለውም፤ ጎንበስ ብሎ ማውሱን ያዘ፣ አንድ ቦታ ነካ፣ ሌላ ቦታ ነካ። «ይኸው። ኮር፣ አራት።»

«ሣጥኖቹስ? ቁጠራቸው።»

«ሣጥንማ ሥዕል ነው። ዋናው ኮር ነው። ስምንት ብሎ ከሰጠዎት፣ እኔ በሰው ቤት ጉዳይ አልገባም እንጂ…»

«ገብተሃል እኮ፤ ጨርሰው።»

«ተሸውደዋል» አለና ካሴቱን ከነፍላሹ ይዞ ወጣ።

እሷ ቁጭ አለች። አራት ነበር። ስምንት አድርጌዋለሁ አለ። አራት ነው። ታዲያ ምን ተለወጠ? አሮጌው እዚያው ውስጥ ነው ማለት ነው፤ ሣጥኖቹን ደግሞ ሥሎ ሄዷል። ሬዲዮ ፈትቶ መግጠም የሚያውቅ ሰው ስክሪን ላይ አራት ሣጥን መጨመር ያቅተዋል? ባዶው ካርቶን ከቆሻሻ ቅርጫቱ አጠገብ ወድቆ ነበር፤ አንሥታ አገላበጠችው። ቋንቋው ባይገባትም ቁጥር ቁጥር ነው። አራት ይላል። ከአጠገቡ ስምንት ይላል። ሁለቱንም! ይሄ እንደ ልብህ አንብበኝ የሚል ካርቶን ነው አለችና አስቀመጠችው።

ከግድግዳው ማዶ ልብስ የምትሰፋው ጎረቤቷ ድምፅ ሰምታ መጣች፤ የልብስ መለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች።

«ብቻሽን ማውራት ጀመርሽ?»

«ወንድሜ ሸወደኝ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አትቀልጂ። ዓርብ ዋስ ልፈርምለት ነው። ስልሳ ኮምፒውተር በእጁ ሊያደርጉለት ነው። እኔ ቤት አንዷን እንዲህ ካደረጋት ስልሳውን ምን ያደርጋቸዋል? ተጠያቂዋ ደግሞ እኔ ነኝ፤ ይቺን ቤቴን ይዤ!»

«እቴ፣ ወንድምሽ እኮ ነው።»

«እሱን አውቄ ነው የምናገረው።»

«አንቺ መላእክት ቢመጡም ክንፋቸውን ሳትቆጥሪ አታስገቢም» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ግን ፊቷን አይታ ቀልዱን ተወችው። «ቆይ፣ በደንብ አጣሪ መጀመሪያ። ነገር ሳይጣራ ስም ማጥፋት ደግሞ ኃጢአት ነው።»

ማጣራትማ ሥራዋ ነው። ሐሙስ ጠዋት አንድ የአንድ ሰዓት ካሴት መረጠች፤ የሆነ ሰው ልደት ነው። ዴኩ ውስጥ ከተተችው፣ ሰዓቷን አየች፣ አስጀመረችው። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ የማታውቃቸው ሰዎች ኬክ ሲቆርሱ አየች፣ ሲጨፍሩ አየች፣ አንዲት ሴት ጥግ ላይ ቆማ ስትከፋ አየች። ሲያልቅ ሰዓቷን አየች። ልክ አንድ ሰዓት። ደብተሯን ገለጠች፤ ባለፈው ወር የአንድ ሰዓት ካሴት ለመቅዳት ስንት ፈጀ? አንድ ሰዓት። ከዓመት በፊት? አንድ ሰዓት።

«አንዲት ደቂቃ!» ብላ ጮኸች በግድግዳው በኩል። «አንዲት ደቂቃ እንኳን አልቀነሰም!»

የልብስ ስፌቱ መኪና ድምፅ ጸጥ አለ። «መጣሁ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

የኮምፒውተሩን ሣጥን በአንሶላ ጠቀለሉት፣ ግራና ቀኝ ይዘው ሁለት መንገድ ተሻግረው አንድ ጥገና ቤት አደረሱት። ባለቤቱ ሸምገል ያለ ሰው ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ጠረጴዛው ላይ የሚፈልግ። መነጽሩን ልብስ ሰፊዋ ጠቆመችለት።

«ምን ሆነ?»

«ክፈትና በውስጡ ያለውን አሳየኝ» አለች እትዬ ልቁጠረው። «አሮጌው ነው ወይስ አዲሱ፤ ሌላ ነገር አትንካ።»

ሰውዬው ፈታው። ማራገቢያውን አነሣ፣ ከሥሩ ያለውን ነጭ ቅባት በጨርቅ ጠረገ፣ ከክብሪት ቀፎ የማይበልጠው ሳህን መሰል ነገር ላይ የተጻፈውን ቁጥር አነበበ። ይዛው የመጣችውን ካርቶን ተቀብሎ አስተያየ።

«ይኸው፤ ያው ነው። አዲስ ነው። ማንም አልሸወደዎትም እናቴ።»

«በፊት አራት ቆጥሬ ነበር፤ አሁን ወንድሜ ስምንት፣ ሌላ ሰው አራት ይለኛል። አራት ነው ስምንት?»

«አራት ኮር ነው። ስምንት ትሬድ ነው።»

«አንዱን ንገረኝ!»

«ሁለቱም እኮ ልክ ናቸው። ኮር ማለት ሠሪው ነው። ትሬድ ማለት ሠሪው ፊት የሚደረደር ሥራ ነው፤ አንዱ ሠሪ ሁለት ሥራ እያፈራረቀ ይይዛል። በፊት የነበረው…» ሣጥኑን አዙሮ ጎኑ ላይ የቀረችውን የፋብሪካ ወረቀት አየ፤ «ሁለት ኮር፣ አራት ትሬድ ነበር። ያኔ የቆጠሩት ትሬዱን ነው። አሁን ደግሞ አንድ ሰው ኮሩን ቆጠረልዎትና ያንን ከዚያ አወዳደሩት። የአንሶላ ቁጥር ከትራስ ልብስ ቁጥር ጋር እንደማወዳደር ነው።»

«ታዲያ ካሴቱስ? የአንድ ሰዓቱ ካሴት እስከዛሬ አንድ ሰዓት ነው የሚፈጀው!»

ሰውዬው ሳቀ፤ ሳቁ አናደዳት። «እናቴ፣ ካሴቱ የሚዞረው በራሱ ሰዓት ነው። ሺህ ኮር ቢያስገቡበት የአንድ ሰዓት ሠርግ አንድ ሰዓት ነው። ፍጥነቱ የሚታየው ጭመቃው ላይ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ በክርኗ ጎሸመቻት። እሷ ግን ገና አልረካችም። ጠጋኝ ከጠጋኝ አይተዋወቅም ማን አለ? ይሄ ሰውዬ ብሎንን እንደማያውቀው በምን ይታወቃል? አንዱ የሌላውን ጉድ ይሸፍናል።

«አሮጌውን ሰጥቶዎታል?» አለ ሰውዬው ብሎኖቹን እያጠበቀ።

«የቱን አሮጌ?»

«የወጣውን ፕሮሰሰር። ይሠራ ነበር እኮ። ለባለቤቱ ነው የሚሰጠው።»

ጥያቄውን እንደዋዛ ነው የጣለው። እሷ ግን ቆማ ቀረች። ላውንደሪ ውስጥ አዲስ አንሶላ የሚወጣው የተቀደደው ሲመለስ ነው፤ አሮጌው ካልገባ አዲስ አይወጣም። ሰኞ ከቤት ስትወጣ አሮጌው ነበረ። ስትመለስ አልነበረም። እንዴት አልጠየቀችም? እሷ! ስምንቱን ሣጥን ሁለት ጊዜ ስትቆጥር አንዷን የጎደለች ዕቃ ሳትቆጥር ቀረች።

ከሰዓት በኋላ ሣጥኑን ቦታው መልሳ ጭመቃውን አስጀመረች። ሐሙስ ቢሆንም ገበያ አልወጣችም፤ ወንበሯን አምጥታ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ስምንቱም ሣጥኖች ውስጥ መስመሩ ወደ ላይ ዘለለ። የአንድ ሰዓት ካሴት ከሃምሳ ደቂቃ ወርዶ እንደማያውቅ ደብተሩ ይናገራል። ገጽ በገጽ አየች፤ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ ሦስት። ዛሬ ፕሮግራሙ አበቃሁ ያለው በሃያ አራት ደቂቃ ነው።

ሌላ ካሴት ጨመረች። ሃያ አምስት።

ሰው ቢዋሽ ደብተሯ አይዋሽም። ወደ ግማሽ ወርዷል። ሠሪው ሁለት ከነበረና አራት ከሆነ ግማሽ መሆኑ ነው፤ ከግማሽ ትንሽ ያለፈው ደግሞ አዲስ ሰው ከአሮጌ ስለሚፈጥን ይሆናል። ይሄ ገባት። ስምንቱ ነው ገና ያልተዋጠላት።

እንደዚያ አፍጥጣ ስታየው የላውንደሪው የመተኮሻ ክፍል ትዝ አላት። ካውያ የሚይዙት ሴቶች አራት ነበሩ። መጀመሪያ ጠረጴዛቸውም አራት ነበር። አንዷ አንሶላውን ውኃ ረጭታ እስኪርስ ትጠብቃለች፤ ካውያው ይግላል፣ እጇ ባዶውን ይቆማል። ኋላ ለያንዳንዷ ሁለተኛ ጠረጴዛ ተጨመረ። በአንዱ የረጨችው እስኪርስ ዞር ብላ በሌላኛው ትተኩሳለች። ክፍሉን በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ስምንት ጠረጴዛ ላይ ስምንት አንሶላ ተዘርግቷል፤ ሥራው ስምንት ነው። ሴቶቹ ግን አራት ናቸው። እጃቸውም ስምንት እንጂ አሥራ ስድስት አልሆነም። ምርቱ አደገ፤ አራቱ ሴቶች ያምስት ሰው ሥራ ሠሩ። የስምንት ሰው አልሠሩም። አለቃው ግን ለባለቤቶቹ ሲያስጎበኝ የሚቆጥረው ጠረጴዛውን ነበር፤ «ስምንት ላይ ነው የምንሠራው» ይል ነበር።

ብሎንም ጠረጴዛውን ነው የቆጠረላት። የባንኩ ሰውዬ ሴቶቹን ቆጠረ። ማንም አልዋሸም። ሲደክሙ የኖሩትን የሚያውቅ ግን መጀመሪያ ሴቶቹን ይቆጥራል እንጂ ጠረጴዛውን አይቆጥርም አለች፤ ለማንም አይደለም።

ይህ ከልቧ ወጣ። የገባው አሮጌው የት ሄደ የሚለው ነው። ማታውን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ብትተኛም አልወጣም።

ዓርብ ጠዋት ማሠልጠኛው ደረሰች። ኮሪደሩ ላይ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ ብሎን ትከሻው ላይ የሰፋ የሰው ኮት ለብሶ ተቀምጧል። ስታየው መላጨቱን አየች፣ ጫማው መወልወሉን አየች። የሰባት ዓመት ልጅ እያለ ትምህርት ቤት የወሰደችው ቀን እንዲሁ ነበር የተቀመጠው፤ ጉልበቱን ገጥሞ። ይህን ማሰብ አልፈለገችም፤ ድካም ነው የሚጨምረው።

አጠገቡ ተቀመጠች።

«መጣሽ» አለ።

«አሮጌው ፕሮሰሰር የት ነው?»

«ሸጥኩት።»

ሳያቅማማ ነው ያለው። የምትጠብቀው ሌላ ነበር። ተበላሽቷል ይላል፣ ወድቆ ተሰበረ ይላል፣ ቤቴ ነው አመጣልሻለሁ ይላል ብላ ለእያንዳንዱ መልስ አዘጋጅታ ነበር የመጣችው። ለዚህኛው ያዘጋጀችው የለም።

«የኔን ዕቃ?»

«የያዝኩት አልሞላልኝም። አሮጌውን ሰጥቼ ላዩ ላይ ጨምሬ ነው አዲሱን የወሰድኩት። ሻጩ አምኖኝ አዲሱን ቀድሞ ሰጠኝ፣ ሰኞ ከሰዓት አሮጌውን አደረስኩለት።»

«እና ስጦታ ነው ትለኛለህ። ግማሹን በራሴ ገንዘብ።»

«ግማሽ አይሞላም።»

«ብትጠይቀኝ እምቢ እልህ ነበር?»

የኮቱን እጅጌ ጎተት አደረገ። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ አንድ ሰው የወረቀት ማባዣ ሲመታ ይሰማል። «አላውቅም» አለ ብሎን። «መጠየቅ ያስፈራኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ አንቺን መጠየቅ ያስፈራኛል።»

ተነሣች። ደረጃው ድረስ ሄደች። አልተከተላትም፤ ስሟንም አልጠራም። አንድ እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ ቆመች። ይህ ሰው ያኔ ሦስት ቀን ሙሉ ሌባ ገባ ብሎ ዓይኗን እያየ ዋሽቷታል። ዛሬ ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀው ፊርማ በእሷ ጣት ላይ እያለ፣ መዋሸት ከምንጊዜም በላይ በሚጠቅመው ሰዓት፣ በአንድ ቃል ሸጥኩት አላት። ሌባ ለአመሉ ዳቦ ይልሳል ይላሉ። ይሄ ሌባ ነው? ወይስ እጁ ከአፉ የሚቀድም ሰው ነው? ሁለቱ ለባለ ዕቃው ልዩነት የላቸውም ይሆናል። ለእህት ግን አላቸው።

ተመልሳ መጣች፤ ግን አልተቀመጠችም።

«ስማኝ። እዚህ ስልሳ ኮምፒውተር አለ። አሮጌ አለ፣ የተሰበረ አለ፣ ማንም የማይፈልገው ሽቦ አለ። ሳትጠይቅ አንዲት ነገር አታነሣም። ለጥሩም ቢሆን። ልታሻሽለው ቢሆንም። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ።»

«ከእኔም ጋር ያስፈራህ መጠየቁ ነው እንጂ መልሱ አይደለም። እምቢ ብልህ አትሞትም ነበር።»

«ሰማሁ አልኩ እኮ እትዬ።»

ቢሮው ውስጥ የሰው ኃይል ሠራተኛዋ ወረቀቱን ወደ እሷ አዞረች። ቀጭን ፊት ያላት ትሁት ሴት ናት፤ ብዙ ዋስ አስፈርማ የሰለቻት።

«ንብረት ቢጎድል ተጠያቂ እንደሆኑ የሚገልጽ ነው እናቴ። ያንብቡትና ይፈርሙ።»

አነበበችው። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እያንዳንዱን መስመር በጣቷ እየተከተለች። ሠራተኛዋ ሁለት ጊዜ ሰዓቷን አየች። ብሎን አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ካነበበች በኋላ እንደገና ከላይ ጀመረች።

«ያልገባዎት ነገር አለ?»

«የለም። ገብቶኛል» አለችና ፈረመች። ስሟን ሙሉውን ነው የጻፈችው፤ ሰፈሩም ላውንደሪውም የማያውቀውን ስሟን።

ወደ ውጭ ሲወጡ ፀሐይዋ ግቢው ላይ ወጥታለች። ብሎን ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ አደረገው።  በሩ ጋ ሲደርሱ ድምፁን ቀነስ አድርጎ፣

«አስከፍተሽዋል፣ አይደል?» አላት።

«ምኑን?»

«ኮምፒውተሩን። ትናንት መንገድ ላይ ያየሽ ሰው ነገረኝ፤ በአንሶላ ጠቅልላችሁ ስትሄዱ።»

 «አስከፍቼዋለሁ» አለች። እሱ በአንድ ቃል ከመለሰላት እሷም በአንድ ቃል ትመልስ።

ፊቱ ላይ አንድ ነገር አለፈ፤ ተውጦም ጠፋ። ኮቱን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወረ።

«ቅባቱን ጠርጎታል ወይ? ከማራገቢያው ሥር ያለውን ነጩን?»

«በጨርቅ ጠረገው።»

«መልሶ ቀባው?»

አሰበች። ሰውዬው ቁጥሩን ሲያነብ አየችው፣ ማራገቢያውን ሲመልስ አየችው፣ ብሎኖቹን ሲያጠብቅ አየችው። ቅባት ሲቀባ አላየችም። ያኔ ሐሳቧ አሮጌው ፕሮሰሰር ላይ ነበር።

«አልቀባም መሰለኝ።»

«ታዲያ ይግላል። ጭመቃ ላይ ስምንቱም ሲሮጡ እንደ ካውያ ነው የሚግለው፤ ቶሎ ካልተቀባ ይጎዳል። ዛሬ አታስነሺው።» ኪሱን ደባበሰ፤ ከቤት ቁልፎቹ መሐል የሆነ ነገር እንደሚፈልግ። «እኔ ጋ አለ ቅባቱ። አንቺ አትቸገሪ፣ ልብስ ሰፊዋ ጋ ቁልፉን ተይልኝና ወደ ጉዳይሽ ሂጂ፤ እኔ በመሐል መጥቼ ቀብቼልሽ እሄዳለሁ።»

እትዬ ልቁጠረው ቆመች። ወንድሟን ከላይ እስከ ታች አየችው፤ ፊቱን፣ የሰፋውን ኮት፣ ኪሱ ውስጥ የገባውን እጁን።

«የለም» አለችው። «እኔ እያለሁ ና።»